የተቀደደው ካርታ ምሥጢር

ከራት በኋላ ልጆች ወደ መኝታ እስኪሄዱ ድረስ ያለችው ጥቂት ጊዜ፣ ቀኑን በሥራ ላይ ለዋለች እናት እጅግ ውድ ናት። በዚህች ሰዓት ልጆቻችንን በምን እናጫውታቸው ለሚሉ እናቶች፣ ዛሬ አንድ የምትሃት ጨዋታ እናቀርባለን። አንድ የመጫወቻ ካርታ በልጆቹ ፊት ይቀደዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ድኖ ይወጣል። ጨዋታው ለሳቅ ብቻ አይደለም። ምሥጢሩን የተረዳ ልጅ አድጎ በአታላይ እጅ በቀላሉ አይወድቅም።

ካርታ ሲባል ቁማር ትዝ የሚላቸው እናቶች ብዙዎች ናቸው። ስጋታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ እናቶች በካርታ ፈንታ ሁለት ተመሳሳይ ፖስት ካርዶች ሊጠቀሙ ይችላሉ። የካርታው ምርጫ ይቀራል እንጂ የተረፈው አሠራር ያው ነው።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች፦ ጀርባቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ጥቅል ካርታ፣ ሁለት ተመሳሳይ ፖስታ፣ መቀስና ሙጫ።

ዝግጅቱ ልጆቹ በሌሉበት ይከናወናል። ከሁለቱም ጥቅሎች አንድ ዓይነት ካርታ፣ ለምሳሌ የልብ ሰባት፣ ይወጣል። የአንደኛው ካርታ ቁጥር ያለበት ማዕዘን በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ይቀደዳል። ቁራጩ እንዳይጠፋ ይቀመጥ። ቀጥሎ ከአንዱ ፖስታ አንድ ገጽ ተቆርጦ ወደ ሌላው ፖስታ እንደ ግድግዳ ይገባና ግርጌው በሙጫ ይጣበቃል። ፖስታው ሁለት ኪስ ኖረው ማለት ነው። ማዕዘኑ የጎደለው ካርታ በኋለኛው ኪስ ይደበቃል። ሁለተኛው የልብ ሰባት ደግሞ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ከጥቅሉ አናት ላይ ይቀመጣል።

አሁን ልጁ ጥቅሉን ከፈለገበት ቦታ ከፍሎ ያነሣውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። እናት የቀረውን አንሥታ በላዩ ላይ በመስቀለኛ ታጋድመዋለች። ወዲያውኑ ካርታውን ማሳየት አይገባም። የፖስታው ፊተኛ ኪስ ባዶ መሆኑን እያሳየች ጥቂት ታውራ። በዚህ መካከል የትኛው ክፍል ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበረ ልጁ ይዘነጋል። ከዚያ የተጋደመውን አንሥታ «አንተ የከፈልክበት ካርታ ይኸውልህ» ትለዋለች። ልጁ የሚያገኘው ግን ከመጀመሪያው አናት ላይ የነበረውን የልብ ሰባት ነው።

እናት ፖስታውን ስታነሣ አስቀድሞ የተቀደደውን ቁራጭ በቀኝ ጣቶቿ መካከል ሸሽጋ መያዝ አለባት። ካርታውን ተቀብላ በልጁ ፊት ያንኑ ማዕዘን ትቀድዳለች፤ ለልጁ ግን የምትሰጠው የተሸሸገውን ቁራጭ ነው። «ይህን አጥብቀህ ያዝ» ትበለው። የቀረውን ካርታ አራት ቦታ ቀድዳ፣ አሁን ከተቀደደው ማዕዘን ጋር በፊተኛው ኪስ ታስገባለች። ልጁ እፍ ይላል። እናት ግድግዳውን በጣቷ ወደ ፊት ገፋ አድርጋ ከኋለኛው ኪስ ካርታውን ታወጣለች። ልጁ በእጁ የያዘውን ማዕዘን ሲያስጠጋው ልክ ይገጥማል!

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ልጆቹ «ድገሚው» ቢሉም በዚያው ምሽት አይደገም። የመጨረሻውን የሚያውቅ ዓይን እጅን መከታተል ይጀምራልና። ፖስታውም ወዲያው ከፊታቸው ይነሣ።

በማግሥቱ ግን ምሥጢሩን መግለጽ ይገባል። ዋናው ትምህርት ያለው ከዚህ ላይ ነው። ልጁ መረጥሁ ያለው ካርታ አስቀድሞ ተመርጦለት ነበር። አጥብቆ የያዘው ማዕዘን ሲቀደድ ያየው ማዕዘን አልነበረም። ባዶ ነው የተባለውም ፖስታ ሌላ ኪስ ነበረው። ከተቀደደው ካርታ የዳነ ምንም የለም፤ ቁርጥራጩ ዛሬም ፊተኛው ኪስ ውስጥ ነው።

በየከተማው ገንዘብ እናባዛለን የሚሉ አታላዮች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ከአንድ ብር ሁለት አውጥተው ያሳያሉ። ሁለተኛው ብር የራሳቸው ነው፤ ለማጥመጃ ያወጡት ወጪ ነው። ያየ ሰው አምኖ የወር ደመወዙን፣ የዕቁብ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ፣ የሚመለስለት የወረቀት ጥቅል ይሆናል። በመንገድ ዳር በሦስት ካርታ የሚያጫውቱትም እንዲሁ ናቸው። መጀመሪያ የሚያሸንፈው ሰው የራሳቸው ባልደረባ ነው።

የእጅ ዘዴን አለማወቅ ከገንዘብ የከፋ ጉዳትም አድርሷል። በእንግሊዝ አገር ሬጂናልድ ስኮት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1584 ስለ ጥንቆላ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚያ ዘመን ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው የሚከሰሱትና የሚሰቀሉት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ድሆችና አሮጊቶች። ስኮት በመጽሐፉ የካርታና የሳንቲም ምትሃት እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ አስረዳ። ዓላማው ሰው የእጅን ፍጥነት ከአጋንንት ሥራ እንዲለይና የእነዚያ ሴቶች ደም በከንቱ እንዳይፈስ ነበር።

«ልጄን ማታለል አስተምረው ዘንድ ነውን?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። ምትሃተኛ «ላታልላችሁ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ከማንም ምንም አይወስድም። አታላይ ግን እመኑኝ ብሎ ጀምሮ ኪስ አራቁቶ ይሄዳል። ይህንን ልዩነት ለልጁ ማስረዳት የእናት ፈንታ ነው።

ልጁ ምሥጢሩን ካወቀ በኋላ ለአባቱና ለጎረቤት ልጆች ራሱ ይሥራው። በእጁ የሠራውን አይረሳም። አንድ ቀን ከመንገድ ላይ «ና፣ ገንዘብህን ላባዛልህ» የሚለው ሰው ሲገጥመውም፣ «ሌላው ኪስ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።