የቤት ዕቃዎች የመልክ ስምምነትና የነጋዴው ድርሻ

በከተማችን ቤት ሠርቶም ሆነ ተከራይቶ የሚገባ ሰው የቤቱን ዕቃ በአንድ ቀን ገዝቶ አይጨርስም። በመጀመሪያው ዓመት አልጋና ቁም ሣጥን ይገዛል፤ በሁለተኛው ዓመት ገንዘቡ ሲፈቅድለት ሶፋና ምንጣፍ ያስገባል፤ መጋረጃው፣ ብፌውና የምግብ ጠረጴዛው እንደ አቅሙ በየተራቸው ይከተላሉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ሁሉም ተሟልቶ ሲታይ ግን ባለቤቶቹን አንድ ነገር ቅር ይላቸዋል። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲመረመር ያማረና በቂ ዋጋ የወጣበት ሆኖ ሳለ፣ አንድ ላይ ሲቀመጡ ከየአገሩ መጥተው በአንድ ማረፊያ ቤት እንደ ተገናኙ እንግዶች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

በዚህ ጕድለት ብዙ ጊዜ የሚወቀሱት የቤቱ እመቤት ናቸው፤ ምርጫ አያውቁም ይባላሉ። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። እመቤቲቱ የሚመርጡት በሱቅ ከተደረደረው ውስጥ ነውና፣ ዘንድሮ የታየው የጨርቅ ዓይነትና የእንጨት መልክ በከርሞው ጭነት ተለውጦ ከመጣ፣ የጀመሩትን ቤት በጀመሩት መልክ ሊፈጽሙት አይችሉም። ስለዚህ የቤት ውስጥ ስምምነት የሚባለው ጉዳይ የጌጥ ዐዋቂዎች ብቻ ሳይሆን የአስመጪውና የባለሱቁም ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ ስምምነት ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል። አንዳንዶች ሁሉን ዕቃ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ መልክ መግዛት ይመስላቸዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት የነበረው ስኮትላንዳዊው አርክቴክት ሮበርት አዳም ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ምንጣፉና እስከ በር እጀታው ድረስ ራሱ እየነደፈ የባላባቶችን ቤት ይሠራ ነበር። ይህን የመሰለው አሠራር እጅግ ብዙ ገንዘብ ለነበራቸው ሰዎች የሚሆን ነው። ከዚህም በላይ፣ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት የሆነበት ቤት የዕቃ ማሳያ አዳራሽ እንጂ ሰው የሚኖርበት አይመስልም።

ለኛ የተሻለው ምሳሌ በገዛ አገራችን፣ ያውም በነጋዴዎች ከተማ፣ በሐረር ይገኛል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በሐረር ጁገል ውስጥ ያለው የአደሬ ቤት ዋና ክፍሉ «ጊድር ጋር» ይባላል። በዚህ ክፍል ውስጥ በቀይ አፈር የተለቀለቁ፣ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ፤ በሐረሪዎች ቋንቋ መደቡ «ነደባ» ሲባል፣ የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት፣ የትልልቅ እንግዶችና የሌሎችም ቦታ ተለይቶ የታወቀ ነው። ግድግዳው ነጭ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ መጻሕፍትና ልዩ ልዩ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ መስኮት መሰል ጕድጓዶች ተሠርተውበታል። ከዚያም በላይ በእጅ የተሠሩ ስፌቶች፣ የእንጨት ገበቴዎችና ከባሕር ማዶ የመጡ ሳሕኖች በተራ ተሰቅለው ይታያሉ። በነደባዎቹም ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል።

እንግዲህ አስተውሉ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የአገር ስፌት ከውጭ አገር ሳሕን ጋር ጎን ለጎን ተሰቅሎ ሳለ ዐይንን የሚቈረቍር ነገር የለም። ምክንያቱም መሠረቱ አይለወጥም። ቀዩ መደብ፣ ነጩ ግድግዳ፣ የመቀመጫው ከፍታና የመስቀያው ቦታ ከቤት ወደ ቤት የጸኑ ስለ ሆኑ፣ ነጋዴው ያመጣው አዲስ ዕቃ ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። ጥቂት ነገር ሲጸና ብዙ ነገር ሊለዋወጥ ይችላል ማለት ነው።

በዘመናዊው ቤት እነዚህ የጸኑ ነገሮች አራት ያህል ናቸው ብንል አንሳሳትም፤ የግድግዳና የወለል ቀለም፣ የእንጨት መልክ፣ የብረት መልክና የመብራት ዓይነት። ስለ ብረቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የመጋረጃው ዘንግ፣ የበሩ እጀታና የመብራቱ መስቀያ አንዱ ወርቅማ፣ አንዱ ብርማ፣ አንዱ ጥቁር ሆኖ እንዳይበታተን መጠንቀቅ ይበቃል። ስለ እንጨቱ ግን ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል።

ቀድሞ ቤታችን ያለ ብዙ ድካም ይስማማ የነበረው አናጢው የሚያገኘው እንጨት ጥቂት ዓይነት ስለ ነበረ ነው። ዋንዛ ቡናማ ነው፤ ሲያረጅም እየጠቈረ ይሄዳል። ጥድ ወደ ቀይ ያደላል፤ ዝግባ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው። አንድ ቤተ ሰብ አልጋውንም ብፌውንም ከዋንዛ ካሠራ፣ አሥር ዓመት ቢያራርቃቸውም ይዛመዱ ነበር። ይሁን እንጂ ደናችን እየተመናመነ ስለ ሄደ፣ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መካከል ተቈጠሩ። በእነርሱ ቦታ ቺፑድና ኤምዲኤፍ በብዛት ገቡ።

የእነዚህ ጣውላዎች መልክ የእንጨቱ መልክ አይደለም። በላያቸው የሚታየው ሥር በወረቀት ላይ ታትሞ፣ ሜላሚን በሚባል ሙጫ ተነክሮ የተለጠፈ ሥዕል ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ሥዕልና የራሱ ቍጥር አለው። ስለዚህ «ኦክ» ወይም «ዎልነት» ተብለው ከሁለት ፋብሪካ የመጡ ጣውላዎች በስም አንድ ቢሆኑም በመልክ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ደንበኛው ባለፈው ዓመት የገዛው ቁም ሣጥን «ኦክ» ስለ ነበረ ዘንድሮ «ኦክ» ኮመዲኖ አምጡልኝ ቢል፣ በስሙ ብቻ ማዘዝ ከንቱ ነው፤ መፈለግ ያለበት ቍጥሩ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ከሁለት የበለጠ የእንጨት መልክ ባይገባ ይመረጣል፤ ከሁለቱም አንዱ ዋና፣ ሌላው ተከታይ ቢሆን ቤቱ ይረጋጋል።

አለመስማማቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የጉምሩክ ታሪፉን መጽሐፍ ይግለጥ። ቀለም በምዕራፍ 32፣ ጣውላ በምዕራፍ 44፣ ምንጣፍ በምዕራፍ 57፣ የተሰፋ መጋረጃ በምዕራፍ 63፣ የወለል ሴራሚክ በምዕራፍ 69፣ የበር እጀታና ማጠፊያ በምዕራፍ 83፣ ሶፋ፣ አልጋና የመብራት ዕቃ በምዕራፍ 94 ተመድበው ይገኛሉ። አንዱ ሳሎን ከሰባት ምዕራፎች ተለቃቅሞ ይሠራል ማለት ነው! ብዙውን ጊዜም እያንዳንዱን ምዕራፍ የሚያስመጣው ነጋዴ ሌላ፣ የሚሸጥበትም ሰፈር ሌላ ነው። ምንጣፉ ከቱርክ ጋዚያንቴፕ፣ ሴራሚኩ ከቻይና ፎሻን ሲገዛ፣ ሁለቱ አስመጪዎች ተያይተው አያውቁም። ዕቃዎቹ መጀመሪያ የሚገናኙት በደንበኛው ሳሎን ውስጥ ነው።

ከዚህ ሌላ ስውር ችግር አለ። አንድ ፋብሪካ አንዱን ቀለም በሁለት ጊዜ ሲነክረው በትክክል አንድ አይወጣለትም። ስለዚህ በጣቃው ጨርቅ ላይ የንክር ቍጥር ይጻፋል። በሴራሚክ ካርቶንም ላይ የቀለሙ ደረጃና የመጠኑ ልክ ተለይተው ይታተማሉ። ሁለት የተለያዩ የቀለም ደረጃዎች በአንድ ወለል ላይ ቢነጠፉ ልዩነቱ ከበሩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይታወቃል። ባለሱቁ ይህን ቍጥር ሳያይ ካርቶን እያነሣ ቢሰጥ፣ ወለሉ ከተለጠፈ በኋላ የሚመጣውን ክርክር ራሱ መግዛቱ ነው። ለግድግዳ ቀለም ደግሞ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገዝቶ፣ ቆርቆሮዎቹን በአንድ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ቀላቅሎ መቀባት የታወቀ ዘዴ ነው። ቀለምን በስም ሳይሆን በቍጥር መጥራትም ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል፤ እ.ኤ.አ. በ1927 በጀርመን አገር የተጀመረው «ራል» የተባለው የቀለም መዝገብ ለዚሁ የተሠራ ነው። «ነጭ» ተብሎ ቢታዘዝ ብዙ ዓይነት ነጭ አለ፤ ራል 9010 ወይም ራል 9016 ተብሎ ቢታዘዝ ግን ላኪውም ተቀባዩም አንዱን ነገር ያያሉ።

የመብራቱ ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። አምፖሎች በኬልቪን ይለካሉ፤ 2,700 እና 3,000 የተጻፈባቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቃት ብርሃን ሲሰጡ፣ 6,500 የተጻፈበት ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። ብዙዎቹ ሱቆቻችን የሚበሩት በዚህ በነጩ ነው። ደንበኛው በሱቁ ብርሃን ግራጫ ሆኖ ያየው ጨርቅ በቤቱ ቢጫ አምፖል ሥር ወደ ቡናማ ቢያደላበት፣ ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም። ናሙናውን ይዞ ወደ ደጅ መውጣትና በፀሐይ ማሳየት ለነጋዴው የሁለት ደቂቃ ድካም ነው። ይልቁንም በሱቁ አንድ ማእዘን ቢጫ አምፖል አብርቶ ማሳየት የበለጠ ይረዳል።

አንዳንድ ነጋዴዎች፣ «ዓመት እስከ ዓመት አንድ ዓይነት ዕቃ ለማስቀመጥ ካፒታላችን አይፈቅድም፤ የውጭ ምንዛሪውም አይታመንም» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ፣ በ38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ የነበረው ገደብ ሲነሣ፣ የማስመጣቱ በር ቢሰፋም የሚቀጥለውን ጭነት ዋጋ ከወዲሁ መገመት የበለጠ አስቸጋሪ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ የረከሰውን ሁሉ እየያዙ መመለስ ያጓጓል። ነገር ግን በየጭነቱ መልክ የሚለዋውጥ ነጋዴ መጋዘን ምን እንደሚመስል የምናውቅ እናውቀዋለን፤ አራት ሜትር የቀረው ጣቃ፣ ሁለት ወንበር የጐደለው የምግብ ጠረጴዛ፣ ስድስት ካርቶን ሴራሚክ። ይህ ሁሉ የተቀበረ ገንዘብ ነው።

መፍትሔው በጌጥ ዐዋቂዎች ዘንድ ከተለመደው አንድ ሒሳብ ሊወሰድ ይችላል። እነርሱ የአንድን ክፍል መልክ ከመቶ 60፣ 30 እና 10 አድርገው ይከፍሉታል፤ 60ው ግድግዳው፣ ወለሉና ትልልቁ ዕቃ፣ 30ው መጋረጃውና የሶፋው ልብስ፣ 10ሩ ትራሱ፣ ሥዕሉና ትንንሹ ጌጥ ነው። በቤት ውስጥ ይህ ሒሳብ በጥብቅ መጠበቅ ያለበት አይመስለንም፤ በመጋዘን ውስጥ ግን ትልቅ ዋጋ አለው። 60ው የማይለወጠው መደብ ይሁን፤ እንደ ሐረር ቀይ መደብ ማለት ነው። ሦስት ወይም አራት የታወቁ መልኮች፣ ለምሳሌ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ነጭ፣ ግራጫ፣ የዋንዛ ዓይነት ቡናማ፣ በየጭነቱ በዚያው ቍጥር ይታዘዙ። ፋሽን የሚከተለው ሰው በ10ሩ ላይ እንደ ወደደ ይጫወትበት። ትራሱ ባይሸጥ የሚታሠረው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ሶፋው ባይሸጥ ግን ብዙ ነው።

የዚህን ጥቅም የሚያሳይ አንድ ነገር በዐይናችን አይተናል። አንዲት እመቤት የሳሎናቸውን መጋረጃ ካሰፉ ከአሥር ወር በኋላ፣ ለመተላለፊያውና ለመኝታ ቤታቸው እንዲሆን የዚያኑ ጨርቅ ቁራጭ ይዘው ወደ አንድ መደብር መጡ። ጨርቁ አልቆ ነበር፤ ቍጥሩንም የጻፈ ሰው አልነበረም። እመቤቲቱ ቁራጩን በቦርሳቸው መልሰው ወጡ። የሄዱት ለመጋረጃው ብቻ አይደለም፤ ለአልጋ ልብሱና ለምንጣፉ የመደቡትም ገንዘብ አብሯቸው ሄደ።

ይህን ለመከላከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ አንድ የናሙና መዝገብ ይበቃል። ጭነቱ እንደ ገባ ከየጣቃው አንድ መዳፍ ያህል ተቈርጦ በወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፍ። ከሥሩ የፋብሪካው ስም፣ የመልኩ ቍጥር፣ የንክሩ ቍጥር፣ የፕሮፎርማው ቍጥርና ዕቃው የገባበት ቀን ይጻፍ። ለጣውላና ለሴራሚክም እንዲሁ። ሽያጭ ሲፈጸም የካርዱ ግልባጭ ከደረሰኙ ጋር ለደንበኛው ይሰጥ፤ የደንበኛው ስምና የቀሩት ክፍሎቹ ብዛት በመዝገቡ ይያዝ። አንዳንድ የሱቅ ጌቶች ይህን የጸሐፊ ልፋት ነው ብለው ይንቁታል፤ የኤል ሲ ሰነድ ያስተካከለ ጸሐፊ ግን አንዲት ቍጥር ስንት ብር እንደምታወጣ ያውቃል።

ይህ ምክር ለላኪዎችም ይጠቅማል። በዋሺንግተን አካባቢ ያሉት ወገኖቻችን መሶብና ረከቦት ሲያዙ፣ የባሕር ማዶ ሱቆችም የሽመና ትራስና የስፌት ዕቃ ሲገዙ፣ ሁለተኛው ትእዛዝ እንደ መጀመሪያው እንዲሆን ይፈልጋሉ። የእጅ ሥራ በትክክል አንድ እንደማይሆን ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ቀዩ ክር ቀይ፣ የመሶቡም ቁመት ያው እንዲሆን መጠበቃቸው ተገቢ ነው። ለሸማኔውና ለስፌት ሠሪዋ የክር ናሙና አስቀድሞ መስጠት የላኪው ኀላፊነት ነው።

በመርካቶም ሆነ በሌላ ስፍራ በአጠገብ ለአጠገብ የሚሠሩ የመጋረጃ፣ የምንጣፍና የሶፋ ነጋዴዎች ካርዶቻቸውን ቢለዋወጡ፣ አንዱ ለሌላው ደንበኛ ይልካል። አንድ ጣቃ አልቆ አሥር ሜትር ያህል ሲቀርም፣ ለአዲስ ገዢ ከመሸጡ በፊት መዝገቡ ይገለጥና ክፍላቸው ላልተፈጸመው ደንበኞች ስልክ ይደወል።