የጆሮ ጩኸትና ማስታገሻው

ጆሮአችን በድንገት ጭው ያለብን እንደሆነ «ስማችንን የሚያነሣ ሰው አለ» ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ ጥቂት ቆይቶ ስለሚጠፋ ማንም ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ነገር ግን ድምፁ ሳይጠፋ ለወራትና ለዓመታት የሚቆይባቸው፣ ቀን ከሌሊት እንደ ንብ መንጋ እዝዝ የሚልባቸው ወይም እንደ ተጣደ ጀበና ሹ የሚልባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ከልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩትን ጥናቶች አሰባስቦ የወጣ ምርመራ ከ100 ጎልማሶች መካከል 14 ያህሉ ይህ ድምፅ እንደሚሰማቸው፣ 2 ያህሉ ደግሞ ኑሮአቸውን እስኪያውክ ድረስ እንደሚያስቸግራቸው ገምቶአል።

የጆሮ ጩኸት ክፋቱ ባለቤቱ ብቻ የሚሰማው መሆኑ ነው። ጎኑ የተቀመጠው ወዳጁ አይሰማውም፤ ሐኪሙም ብዙውን ጊዜ በመሣሪያው ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ በጩኸቱ ላይ «የሚያምነኝ የለም» የሚል ሌላ ጭንቀት ይጨመርበታል። ተማሪው መጽሐፉን ገልጦ አንድ ገጽ ሳያነብ ይቀራል፤ ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም እንቅልፍ ሳያገኝ ያድርና በማግሥቱ በስብሰባ ላይ የተባለውን ሳይሰማ ይወጣል።

ይህን ጉዳይ ስናነሣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ማሰባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚህ ስፍራዎች ቤት ተከራይቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ወጣት ቀኑን በጩኸት፣ ሌሊቱን በጸጥታ ያሳልፋል። ጠዋት የሚኒባሱ ዘፈን፣ የረዳቱ ጥሪና የመንገዱ ጥሩምባ ጆሮውን ሲደበድቡት ይውላሉ። (ሾፌሮቻችን የሬድዮኑን ድምፅ ዝቅ ቢያደርጉት ተሳፋሪ ይጐድልብናል ብለው የሚሰጉ ይመስለናል።) ማታ ሱሉልታ ሲደርስ ግን ከውሻ ጩኸት በቀር የሚሰማ የለም። ያን ጊዜ የራሱ ጆሮ መጮኽ ይጀምራል።

ይህ ከምን እንደሚመጣ የሳይንስ ሊቃውንት እንደሚከተለው ያስረዳሉ። በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ 15 ሺህ ያህል ጥቃቅን ባለ ፀጉር ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ድምፅን ተቀብለው ወደ አእምሮ የሚልኩ ናቸው። በብርቱ ጩኸት፣ በእርጅና ወይም በአንዳንድ መድኃኒት የተጐዱ እንደሆነ በሰው ላይ መልሰው አይበቅሉም። አእምሮም የሚጠብቀው ድምፅ ሲቀንስበት ማዳመጫውን ከፍ ያደርጋል። የደከመ የሬድዮ ጣቢያ ለመስማት ቁልፉን እስከ መጨረሻው የሚያዞር ሰው፣ ንግግሩን ሲያጐላ ሹ የሚለውን ድምፅ አብሮ እንደሚያጐላው ማለት ነው። ስለዚህ ምንጩ ብዙ ጊዜ በጆሮ ውስጥ ቢጀምርም ድምፁ የሚኖረው በአእምሮ ውስጥ ነው።

ጸጥታ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በ1953 እ.ኤ.አ. ሄለርና በርግማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መስማታቸው ደኅና ነው የተባሉ 80 ሰዎችን አንድ በአንድ ድምፅ ወደማይገባበት ክፍል አስገብተው የሚሰሙትን እንዲናገሩ ጠየቁአቸው። ከ100 እጅ 94 እጁ እዝዝታ፣ ፉጨት ወይም ሌላ ድምፅ ሰማን አሉ። በክፍሉ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም። እንግዲህ የጆሮ ጩኸት ያለበት ሰው ዕረፍት ፍለጋ ፍጹም ጸጥታ ወዳለበት ስፍራ ቢሸሽ ጠላቱን ይዞ ከክፍሉ ውስጥ ራሱን ቈለፈ ማለት ነው።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኦሪገን ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጃክ ቨርኖን፣ ጆሮው የሚጮኽ አንድ ሐኪም በፖርትላንድ ከተማ ከአደባባይ ፏፏቴ አጠገብ ሲደርስ ከዚያ አልነሣም እንዳላቸው ይነገራል። የውኃው ድምፅ የጆሮውን ጩኸት ሸፍኖለት ነበር። ሊቁ ከዚህ ተነሥተው ለስላሳ ድምፅ የሚሰጡ በጆሮ የሚደረጉ መሣሪያዎችን ማስፋፋት ጀመሩ።

ለሱሉልታው ተከራይ ፏፏቴ አያስፈልገውም። ክረምት ሲገባ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ያንኑ ሥራ ይሠራለታል፤ በሐምሌ ደኅና ተኝቶ በጥቅምት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ካለ ምክንያቱን ከዚህ ሊፈልገው ይችላል። በበጋ ጊዜ ከጀሪካን ወደ ሳፋ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ፣ በትንሹ የተከፈተ ሬድዮ፣ ወይም በእጅ ስልክ የተቀዳ የዝናብ ድምፅ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። ድምፁ የጆሮን ጩኸት ለማሸነፍ የሚፎካከር መሆን የለበትም፤ ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ አብሮት የሚሰማ ቢሆን ይሻላል። ስልኩን በጆሮ ማዳመጫ አስገብቶ ድምፁን እስከ ጫፍ መክፈት ደግሞ እሳትን በላምባ ማጥፋት ነው።

ይህ ለሌሊቱ ነው። ለቀኑና ለዘለቄታው የሚጠቅመው ግን ልማድ ነው። ቡራዩ ከአንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ ቤት የተከራየ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ለመለወጥ ያስባል። ከጥቂት ወራት በኋላ ወፍጮው መኖሩን የሚያስታውሰው መብራት ጠፍቶ ሲቆም ብቻ ነው። ድምፁ አልቀነሰም፤ አእምሮው «ይህ አይጐዳኝም» ብሎ ከመዝገቡ ሰርዞታል። ወፍጮው በመጣ ቁጥር «ቤቱ ሊፈርስብኝ ነው» ብሎ የሚፈራ ሰው ግን በዓመቱም አይለምደውም። ፓቬል ያስትረቦፍ የተባሉ ሊቅ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጆሮ ጩኸትን ሕክምና የመሠረቱት በዚሁ አሳብ ላይ ነው፤ የሚያሠቃየው ድምፁ ብቻ ሳይሆን ከድምፁ ጋር የተቈራኘው ፍርሃት ነው። «ልደነቍር ነው፣ ላብድ ነው» የሚለው አሳብ ጆሮን ሌት ተቀን ዘብ ያቆመዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ የጆሮ ጩኸት ብቻውን ሰውን አያደነቍርም፣ አያሳብድምም።

ይህን ፍርሃት በምክርና በልምምድ የሚያላቅቀው ሕክምና ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው። የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ይደግፋል። የድምፁ ልክ ባይቀንስ እንኳ የሚያደርሰው ሥቃይ ይቀንሳል። ለሰሚው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ጭንቀቱን ብቻውን የተሸከመ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማየት የሙዚቃ ሊቁን ቤትሆቨንን ማስታወስ ይቻላል። በ1801 እ.ኤ.አ. ገና 30 ዓመት ሲሆነው ለሐኪም ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ጆሮው ሌት ተቀን እንደሚያፏጭና እንደሚጮኽ፣ በዚህም የተነሣ ከሰው ማኅበር ሁለት ዓመት ያህል እንደ ሸሸ ገልጾአል። እርሱ መስማቱም እየጠፋ ነበር። በዚያን ዘመን እንደ ዛሬው ያለ የመስሚያ መሣሪያ አልነበረም፤ ዛሬ ግን የመስማት ድካም አብሮ ያለበት ሰው ተስማሚ የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ እንደሆነ የውጭው ድምፅ ሲመለስለት የውስጡ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል።

እስከ ዛሬ የጆሮ ጩኸትን ጨርሶ የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት አልተገኘም። ስለዚህ «በሳምንት አጠፋልሃለሁ» የሚል ሻጭ ያጋጠመው ገንዘቡን ቢይዝ ይሻለዋል። ወደ ጠበል የሚሄደውም ይሂድ፤ የሐኪሙን ትእዛዝ ግን አያቋርጥ። በክብሪት እንጨት ኩክ ለማውጣት መሞከር ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ታምቡሩንም ሊበሳ ይችላል። የደረቀ ኩክ ራሱ ጆሮን ስለሚያስጮኽ በሐኪም እጅ ሲወጣ ሁሉ ነገር የሚያበቃለት ዕድለኛም አለ። ስለ ቡና ደግሞ አንባብያችን ይጽናኑ። በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ቡናና ሻይ መተው የጆሮን ጩኸት እንደማያሻሽል አሳይቶአል፤ በድንገት መተው የሚያመጣው ራስ ምታት ይልቁን ችግር ይጨምራል። ከእንቅልፍ በፊት መጠጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከመድኃኒቶች መካከል ጆሮን የሚያስጮኹ መኖራቸውን ማወቅ ይገባል። ለወባ ይሰጥ የነበረው፣ እኛም ስሙን ለማንኛውም እንክብል አውሰን «ኪኒን» ያልነው ኩዊኒን አንዱ ነው። ብዙ አስፕሪን መውሰድም እንዲሁ ያደርጋል፤ በእነዚህ የመጣው ጩኸት መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። እንደ ስትሬፕቶማይሲንና ጀንታማይሲን ያሉት መርፌዎች የሚያደርሱት ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል። ሆኖም ማንም በራሱ ሥልጣን የታዘዘለትን መድኃኒት ማቆም የለበትም።

አሁን ወደ ሰበታ እንሻገር። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤቷም፣ በፋብሪካዎቿም የታወቀች ናት። ለዐይነ ሥውር ተማሪ ጆሮ መንገድም መጽሐፍም ነው፤ ዋጋውን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ወደ ፋብሪካ የሚገባ ወጣት ግን ይህን ሀብት በጥቂት ዓመታት ሊያባክነው ይችላል። ሊቃውንቱ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ጆሮን ይጐዳል ይላሉ፤ ከዚያ በላይ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት፣ በ100 ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የሽመና መኪናዎች የሚሠሩበት አዳራሽ ብዙ ጊዜ ከ90 ያልፋል። መለኪያ የሌለው ሰው በክንድ ርቀት ለቆመ ጓደኛው ለመናገር ድምፁን ከፍ ማድረግ ካስፈለገው ስፍራው አደገኛ መሆኑን ይወቅ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያዝዛል። ብዙዎች የሚወትፉት ተራ ጥጥ ከዚህ አይቈጠርም፤ ድምፅን እምብዛም አያግድም። ለስላሳው የስፖንጅ መድፈኛ በጣት ተጠቅልሎ፣ በሌላው እጅ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ ሲገባና እስኪያብጥ ድረስ በጣት ተይዞ ሲቆይ ነው የሚያገለግለው።

ትዕግሥት የማይገባበት ጊዜም አለ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ የሆነበት፣ ከልብ ትርታ ጋር እየተመታ የሚሰማው፣ መግል የሚፈስሰው ወይም ዓለም የሚዞርበት ሰው ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። በድንገት፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ መስማት የተሳነው ደግሞ ያኑ ዕለት ይሂድ፤ ሕክምናው የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና። ከእንቅልፍ ማጣት የተነሣ ሕይወቱን እስከ መጥላት የደረሰ ሰው ካለ ቤተ ሰቡ ብቻውን አይተወው፤ እርሱም በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በጥቁር አንበሳ፣ በየካቲት 12ና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል አለ። ሕመምተኛው ሲሄድ ጩኸቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ በየትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና የሚሠራበትን ስፍራ በወረቀት ጽፎ ቢይዝ ሐኪሙን ብዙ ከመጠየቅ ያድነዋል።