ሦስት ጫፍ አቅደን በሁለቱ ተመለስን

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ እናቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ዕቅዱ የልጆቹ ነው፤ በአንድ ቀን ሦስት ጫፍ። መጀመሪያ ማርያም፣ ቀጥሎ ራጉኤል፣ በመጨረሻም ከዚያ ባሻገር በባሕር ዛፍ የተሸፈነችው ስሟን የማላውቃት ጉብታ። እናቴ ልጅ ሳለች ከዚሁ ጋራ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ሽሮ ሜዳ ትሸጥ ነበር። ለሽርሽር ስትወጣው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ዳገቱ ይፈትናል። መሐል ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ይሳሳል። ልጆቹ በሩጫ ጀመሩ።

«ቀስ በሉ» አለች እናቴ። «እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።»

ማርያም ስንደርስ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እዚህ ዘውድ እንደጫኑ ነገርኳቸው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ብዙም አልደነቀው። እሱን የገረመው ባሕር ዛፉ ነው፤ በእሳቸው ዘመን ከተማዋ ማገዶ ሲያጥራት፣ ቶሎ ስለሚያድግ እንደተተከለና አገሩ አውስትራሊያ እንደሆነ ስነግረው፣ «እና አያቴ የአውስትራሊያ እንጨት ነዋ የተሸከመችው!» አለ። እናቴ እስኪያስላት ሳቀች።

ከራጉኤል አልፈን በጥላው ውስጥ ስንሄድ ልጁ ዝም አለ። እኔ ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ቆመች፤ ግንባሩን ዳሰሰች። ራሱን አሞታል፤ እንዳንመለስ ፈርቶ ደብቆናል። ውኃና ዳቦ ሰጥተነው አረፍን። ታላቅ እህቱ «ትንሽ ነው የቀረን» ብላ ለመነች፤ እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። «መውረድም ጉልበት ይፈልጋል» አለች እናቴ፤ ጉዳዩ አለቀ።

ልክ ነበረች። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የእኔ ጫማ ሶሉ ያለቀ ስለነበር ሁለት ጊዜ በቂጤ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ጎን ለጎን፣ እኔ ከኋላ፣ የስልሳ ስምንት ዓመቷ እናቴ ከፊት።

ማታ ቡና ላይ ነው የነገረችን። ያቺ ሦስተኛዋ ጉብታ ታላቅ እህቷ እየጠበቀች ሸክሙን ጀርባዋ ላይ የምታነሳላት ቦታ ነበረች። አክስቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ብነግራችሁ ትወጡ ነበራ።»

ልጆቹ ለጥር ቀጠሮ ይዘዋል፤ በዚያች ጉብታ ሊጀምሩ። እናቴም ተስማምታለች፤ መጀመሪያ ለእኔ ጫማ ይገዛ ብላለች።