በር የማያንኳኳ ሆያ ሆዬ

ልጅ የሚያስተምር ሰው የትምህርት ቤት ባዛር መድረሱን የሚያውቀው ሐሙስ ማታ ነው። ልጁ ቦርሳውን ሳያወርድ፣ «ካርቶን፣ መቀስና ኮላ አምጡ ተብለናል» ይላል። እህቱ ደግሞ በልኳ የሐበሻ ቀሚስ ያላት ጎረቤት ታፈላልጋለች፤ የባህል ዘፈን ቡድን ውስጥ ገብታለችና። ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ድምፅ ማጉያ ነው። ዓመቱን ሙሉ በዕረፍት ሰዓት ሲጮኽ የኖረው ያው ድምፅ ማጉያ ነው፤ ዛሬም ከሚናገረው ግማሹ አይሰማም።

ድንኳኑም አግዳሚ ወንበሩም ከሰፈር እድር የመጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ የተቀመጡበት ወንበር ዛሬ የአምስተኛ ክፍልን የእጅ ሥራ ተሸክሟል፤ የክር አምባር፣ የኪሮሽ ዳንቴል፣ ጥልፍ የተጠለፈበት የትራስ ልብስ፣ ከአክርማ የተሰፋ ትንሽ ሰፌድ፣ በካርቶን የተሠራ ሞሰብ፣ በጣሳ የተሠራ ክራር። ወዲያ ጥግ ላይ እናቶች ሳምቡሳ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦና ሻይ ይሸጣሉ። እውነቱን ለመናገር ከጠረጴዛዎቹ ሁሉ ቶሎ ባዶ የሚሆነው የሳምቡሳው ነው።

ባዛር የሚለው ቃል ከፋርስ የተነሣ ነው። ቶምቦላ ደግሞ ከጣልያን የመጣ ነው፤ ብሔራዊ ሎተሪ እንኳ አንዱን ዕጣውን በዚሁ ስም ይሸጣል። ቃላቱ ከውጭ ይምጡ እንጂ ሥራው አገርኛ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ፣ በአጭሩ ወተመህ፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቀን ይቆርጣል፤ የክፍል ኃላፊ መምህራን ጠረጴዛ ይከፋፈላሉ፤ ገንዘብ ያዡ ሞዴል 64 ደረሰኙን ይዞ አንድ ጥግ ይቀመጣል። ዕጣው ተቆርጦ ካላለቀ ከመድረክ ላይ ጨረታ ይከተላል። ድፎው ዳቦ ይቀርባል፤ አንዱ አባት ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው ይጨምርበታል። ያሸነፈው ሰው ብዙ ጊዜ ዳቦውን ቆርሶ ለልጆቹ ያድላል እንጂ ወደ ቤቱ አይወስደውም።

ይህን ሁሉ ሰው አስሮ የሚያቆየው ግን ሙዚቃው ነው። ሰፌድ ብቻ ቢደረደር ወላጅ በሩብ ሰዓት ዞሮ አይቶ፣ አንድ አምባር ገዝቶ ይሄዳል። ልጁ መድረክ ላይ ይወጣል ከተባለ ግን ልጁን ሳያይ የሚሄድ ወላጅ የለም። ብልህ አስተባባሪ ስለዚህ አፀደ ሕፃናቱን ወደ መጨረሻ ያደርጋቸዋል። ጉራግኛ የሚጨፍሩት፣ እስክስታ የሚወርዱት፣ በኪቦርድ ትዝታ የሚሞክረው የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ ይቀድማሉ። ትንንሾቹ እስኪወጡ ወላጅ ይርበዋል፤ ሳምቡሳ ይገዛል፣ ሻይ ይደግማል፣ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ቶምቦላ ይቆርጣል።

ከዚያ ሽልማቱ ይመጣል። ዘፋኝን በግንባሩ ላይ ብር ለጥፎ መሸለም ከአዝማሪ ቤትና ከሠርግ የመጣ ልማድ ነው፤ አንዲት አክስት ከወንበሯ ተነሥታ፣ ትከሻዋን እየሰበቀች ወደ መድረኩ ስትወጣ ግቢው ሁሉ ምን ሊሆን እንደሆነ ያውቃል። ልጇ ያልሆነውንም ጭምር ትሸልማለች። ያለዚያ ነውር ነው። አንድ ብር ወደ ሳንቲም ከተለወጠ ወዲህ ይህ ጨዋታ ተወዷል፤ ሳንቲም ግንባር ላይ አይጣበቅም። በ2013 ዓ.ም. ሁለት መቶ ብር ሲመጣ ደግሞ የሸላሚ ይሉኝታ ሌላ ደረጃ ላይ ወጣ። የሕፃን ግንባር ላይ ብር መለጠፉን የማይወዱ መምህራን አሉ፤ እነርሱ ከመድረኩ ግርጌ ሰፌድ ያስቀምጣሉ። እኔም ሰፌዱን እመርጣለሁ። ልጅ ዘፈኑን ትቶ የወደቀ ብር ሲለቅም ማየት ደስ አይልም።

ተማሪ እየዘመረ ገንዘብ ማግኘቱ ከባዛር ጋር የመጣ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ በየደጁ በማርያም ስም እየለመነ ነው ዳዊቱንም ቅኔውንም የተማረው። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ወንዶቹ ዱላቸውን መሬት እየደቁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ዋጋቸው ድሮ ሙልሙል ነበር፣ ዛሬ ብር ነው። በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፣ ወንዶቹ በቀለም የሳሉትን አበባና መልአክ በየቤቱ ያድላሉ። ልብ ብሎ ላየው ይህ ሥዕልና ዘፈን አብረው የሚሸጡበት፣ ሻጩም ተማሪ የሆነ ባዛር ነው። ገንዘቡም ትምህርት ሊከፈት ሲል ስለሚገኝ ደብተር ይገዛበታል። የትምህርት ቤት ባዛር ይህንኑ ገለበጠው፤ ልጆቹ በየበሩ መዞራቸው ቀርቶ ባለቤቶቹ ወደ ልጆቹ ይመጣሉ።

አራት ኪሎ ለተማሪ መድረክ እንግዳ አይደለም። በ1901 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እዚሁ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮመድያ የተባለውን ቴአትር በ1910ዎቹ ፒያሳ በሚገኝ ሆቴል ካሳዩ በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ እንዳይታይ አገዱት። ቴአትር እንደገና ነፍስ የዘራው በትምህርት ቤት ግቢ ነው። እንደ ዮፍታሔ ንጉሤና መልአኩ በጎሰው ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ተዋናይም ዘማሪም አደረጓቸው። ያው ዮፍታሔ፣ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የገቡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ለደረሱለት የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን ጽፈዋል። አርባ ልጆች በሚል ስም የታወቁት እነዚያ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆነው ነው የመጡት።

ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አለ፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቱን የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ቴአትሮች ራሳቸው ይጽፉ ነበር። ግጥምና ቴአትር የያዘውን የልቤ መጽሐፍን በ1942 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። በግዞት ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ታስረው የተመለሱ ሴት ናቸው፤ ለሴት ልጆች መድረክ መስጠትን እንደ ቀላል ነገር ሳያዩት አልቀሩም።

ሙዚቃን ለተማሪ ዳቦ በማድረግ ግን ታናሽ እህታቸውን የሚያህል አላውቅም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ፒያኖና ቫዮሊን ተምረው፣ በኋላ ግሸን ማርያም መንኩሰው በባዶ እግራቸው የሄዱ ሰው ናቸው። ጎንደር ሳሉ የቆሎ ተማሪዎች በየቅጥሩ ሥር ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ፒያኖው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያስቀረጹት ለችግረኛ ልጆች መርጃ እንዲሆን ብለው ነው። ከዓመታት በኋላ በስማቸው የተቋቋመው ድርጅትም ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚረዳ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። ሸክላቸውን ዛሬ የዓለም ሰው በውድ እየገዛ ይሰበስበዋል። አንድ ሰው በአንድ ፒያኖ ያካሄደው ባዛር ነበር ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

ዛሬ ባዛሩ የሚያስፈልግበት ምክንያት ተለውጧል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባው፣ ዩኒፎርሙና ደብተሩ በከተማው አስተዳደር ስለሚሸፈን፣ ገቢው ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ልዩ ፍላጎት ክፍልና ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ይዞራል። ከአራት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ የሠለጠነ ባለሙያ ተማሪ ሲያስተምር መጀመሪያ የሚጠይቀው ክራር ነው። አምስት ወይም ስድስት ጅማት፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ ቀንበር፤ ትዝታንም ባቲንም አምባሰልንም አንቺ ሆዬንም ታስተምራለች። ኪቦርድ ከተገዛ ግን ልጆቹ በዓመት ሁለቴ ያዩታል፤ በቀረው ጊዜ ቁልፉ ቢሮ ነው።

የሰፈሩም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ሆያ ሆዬ ሲባልባቸው የኖሩት የቆርቆሮ በሮችም አብረው ሄዱ። ነዋሪው ወደ ዳር የከተማው ክፍል ተበትኗል፤ አንዳንዱ ልጁን ከዚያ ድረስ በታክሲ እያመላለሰ እዚሁ ያስተምራል። ለእነዚህ ሰዎች የባዛሩ ቅዳሜ የድሮ ጎረቤት የሚገናኝበት ቀን ነው፤ መድረኩ ላይ ማን እንደሚዘፍን ሳያዩ ቆመው የሚያወሩት እነርሱ ናቸው። ማጉያው «ወላጆች ጸጥታ!» የሚለውም ለእነርሱ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ይመጣል፤ የሰኔ ዝናብ ነው። ጠረጴዛው በጥድፊያ ሲነሣ ያልተሸጡት የእጅ ሥራዎች ይቀራሉ። አንዲት እናት የካርቶን ሞሰቡን አንሥታ ገለበጠችው፤ ሥሩ ላይ የልጇ ስም ተጽፏል። ካርቶኑ ከእርሷ ቤት፣ ኮላውም ከእርሷ ቤት የመጣ ነው። «ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ልጁም ዓይኗን ሳያይ፣ «መቶ ሃምሳ» አላት።