ስለ ሞዴል ሮኬትና ስለ ነፋስ ሒሳብ፦ ተረትና እውነታ

ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የባቡር ሐዲድ ደወሌ ላይ ድንበሩን ከመሻገሩ በፊት በሚያቋርጠው በአይሻ ምድር ነፋስ ብርቱ ስለ ሆነ፣ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የአይሻ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ በዚያ እንዲቆም ተመርጧል። የማመንጫውን ክንፍ የሚያዞረው ሥርዐተ ተፈጥሮ ተማሪ ከካርቶን የሚሠራትን ትንሽ ሮኬት ከሚገዛው የተለየ ስላልሆነ፣ የአየርን ፍሰት በኮምፒውተር ስለ መመርመር በልማድ የሚነገረውን ከእውነታው መለየት ለዚያ አገር ወጣት ታላቅ ረብሕ አለው።

ተረት፦ ኮምፒውተር ነፋሱን እንዳለ ያሳያል።

እውነታ፦ ኮምፒውተር በሮኬቷ ዙሪያ ያለውን አየር እጅግ ብዙ ወደ ሆኑ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ናቪዬና ስቶክስ ያቆሙትን ቀመር በየክፍሉ በግምት ይፈታል። ስለዚህ ከሮኬቷ ገላ አጠገብ ክፍፍሉ ሻካራ ከሆነ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሥዕል ምንም ቢያምር ውጤቱ ሐሰት ነው።

ተረት፦ አፍንጫዋ የሾለ ሮኬት ሁልጊዜ ትበልጣለች።

እውነታ፦ ሹልነት የሚበጀው ከድምፅ ለሚፈጥኑት ነው፤ ከድምፅ በታች ለምትበርረው የተጠማዘዘ አፍንጫ ይበቃታል። ይልቁንም አየሩን የሚያውከው እንደ ተቆረጠ የቀረ የክንፍ ጠርዝ ስለ ሆነ፣ ፊተኛውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ክብ ማድረግ፣ ኋለኛውንም ማሳሳት ይገባል።

ተረት፦ ክንፏ በገዘፈ ቁጥር በረራዋ ይቀናል።

እውነታ፦ የናሳው መሐንዲስ ጄምስ ባሮውማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባቀረበው ስሌት የሚታወቀው የግፊት ማዕከል፣ ማለትም የአየሩ ኃይል ተጠቃሎ የሚያርፍበትና ክንፉ ወደ ኋላ የሚስበው ነጥብ፣ ከክብደት ማዕከል በስተኋላ ቢያንስ የሮኬቷን ውፍረት ያህል ርቆ ሊገኝ ይገባል። ክንፉ ከልክ ካለፈ ግን ነፋስ ሲነሣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መልሳ ትጋደማለች፤ ከፍታም ታጣለች።

ተረት፦ አንድ ጊዜ የተሰላ ለሁሉም አገር ያገለግላል።

እውነታ፦ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በጅግጅጋ አየሩ ከባሕር ዳር አየር 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ሙቀቱም ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ አየሩ ደግሞ 6 በመቶ ያህል ይሳሳል። የአየሩ ተቃውሞ በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ የቆላ ቀትርና የደጋ ማለዳ አንድ ሒሳብ የላቸውም።

ተረት፦ ሒሳቡ ካለቀ ፈተና አያሻም።

እውነታ፦ ኦፕንሮኬትና ኦፕንፎም የተባሉት ፕሮግራሞች ያለ ዋጋ ስለሚገኙ ስሌቱ ለደወሌም ተማሪ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ስሌት ምስክር ይፈልጋል። በሞተሯ ስፍራ ተመጣጣኝ ክብደት አድርጎ፣ በክብደቷ ማዕከል ገመድ አስሮ በራሱ ዙሪያ ያሽክርክራት፤ አፍንጫዋን አስቀድማ ብትዞር ሒሳቡን አጸናችለት፣ ጅራቷን ብታስቀድም ግን ስሌቱንና የእጁን ሥራ እንደ ገና ሳይመረምር ሊያስወነጭፋት አይገባም።