ባዶውን ቀለሃ ገልብጣችሁ እዩት

«ጋሼ፣ ቀለሃ እንደሆነ ያው ቀለሃ ነው። ከመሬት ያገኘሁትን ሁሉ ለቅሜ ብሞላው ምን ችግር አለው?» ሲል አንድ ወጣት የአገሬ ልጅ ጠየቀኝ። የተኩስ ክለባችን አባል ከሆነ ገና ብዙ አልቆየም። በጆንያ ሙሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማና ቢጫ ቀለሃ ሰብስቦ መኪናው ውስጥ ጭኗል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በሁለት ቃል አያልቅም። ይህን የምጽፈውም ለእሱና የእሱን ጥያቄ ለሚጠይቁ ሰዎች ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። እንጀራዬ ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት መቅረጽ ስለሆነ ለዓይን የማይታይ ልዩነት ዕቃን ከዕቃ እንደሚያጣላ አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትራፕ እተኩሳለሁ። ትራፕ ማለት ከተኳሹ ፊት ለፊት ካለች ዝቅተኛ ቤት እየተወነጨፈች የምትወጣን፣ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላትን ሳህን አየር ላይ እንዳለች መትቶ መስበር ነው። ሳህኗ ሸክላ ትባል እንጂ የምትሠራው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከዝፍት ነው። አንድ ዙር 25 ሳህን ነው፤ የሾትገን ጥይት ፓኬትም 25 ፍሬ ይይዛል። አራት ዙር የተኮሰ ሰው መቶ ባዶ ቀለሃ ይተርፈዋል ማለት ነው።

ያ ቀለሃ ቆሻሻ አይደለም። የተቃጠለው ባሩዱ፣ የሄደው እርሳሱ ነው፤ የፕላስቲኩ ቱቦና የናሱ መቀመጫ አሁንም ይሠራሉ። ስለዚህ ብዙ የትራፕ ተኳሾች ቤታቸው ውስጥ መሙያ ማሽን ይተክላሉ። እዚህ አካባቢ በብዛት የምታዩት ጎረቤታችን ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ሜይቪል በምትባል ከተማ የሚሠራው ሜክ የተባለው ማሽን ነው። የጥይትን ዋጋ አያቶቻችንም ያውቁት ነበር፤ በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ዛሬ ግን በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማምረትን ስለሚከለክል፣ የምነግራችሁ ሁሉ እዚህ አሜሪካ ስላለው ልማድ ነው። እዚህ የፌዴራሉ ሕግ ለራሱ ከሚሞላ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም። ሞልቶ የሚሸጥ ግን የአምራችነት ፈቃድ ማውጣት አለበት።

አሁን ወደ ቀለሃው እንግባ። አንዱን አንሡና አፉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ከውጭ ቀለሙና የናሱ ከፍታ ነው የሚታየው፤ ሁለቱም ብዙ አይነግሩም። ናሱ ረጅም የሆነ ቀለሃ ጠንካራ ነው የሚለው እምነት የመጣው ቀለሃ በሰም ከተነከረ ወረቀት ይሠራ ከነበረበት ዘመን ነው፤ በፕላስቲክ ዘመን ዋጋ የለውም። ቁም ነገሩ ያለው ከውስጥ፣ ከታች ወለሉ ላይ ነው። በአንዳንዱ ቀለሃ ግድግዳው ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየወፈረ ሄዶ ከወለሉ ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ስፌት የለውም። በሌላው ደግሞ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቱቦ ነው፤ ወለሉ ለብቻው ተሠርቶ ከታች የተወተፈ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ በዙሪያው ቀጭን መስመር አለ።

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባሩድ የሚቃጠልበት ቦታ ጠበብ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። ለተለመደው 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላለው 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ጥይት የአሜሪካ አምራቾች የተስማሙበት የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 11,500 ፓውንድ ነው፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው 32 ያህል ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚፈነዳው ከፊታችሁ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ሰፊ ሆድ ላለው ቀለሃ የተጻፈን ምጣኔ ጠባብ ሆድ ባለው ቀለሃ ውስጥ የሞላ ሰው ግፊቱን የት እንዳደረሰው አያውቅም። ላይመን የተባለው ድርጅት ያሳተመውን የሾትገን ምጣኔ መጽሐፍ ብትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት የቀለሃውን ስም ነው፤ የባሩዱ ዓይነትና መጠን፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ፕራይመር፣ ዋድ የሚባለው የፕላስቲክ ኩባያና የእርሳሱ ክብደት የሚመጡት በእሱ ስር ነው። ከመካከላቸው አንዱን እንኳ «ይመሳሰላል» ብሎ መቀየር አይቻልም።

ስለየዓይነቱ የማስበውን ልንገራችሁ። የሬሚንግተን ኤስቲኤስ ቀለሃ ከውጭ ሽንትር ሽንትር ያለው፣ ከውስጥ አንድ ወጥ የሆነ ነው። ወርቃማው ኒትሮ 27 እና ርካሹ ጋን ክለብ ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። የጋን ክለብ መቀመጫ ግን ናስ የተቀባ ብረት ነው፤ ማግኔት ስታስጠጉት ይስበዋል። ብረት ከናስ ይልቅ ወደ ልኩ ለመመለስ ያስቸግራል፤ እርጥበት ካገኘውም ይዝጋል። ቢሆንም በዋጋው ልክ ይህን የሚያህል ቀለሃ አላውቅም።

ዊንቸስተር በ1965 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኤኤ ለብዙ ዓመታት ቀለሃ የሚሞሉ ሰዎች ምርጫ ነበር። ያኔ አንድ ወጥ ነበር። በኋላ ፋብሪካው ወለሉን ለብቻው ወደ መሥራት ዞረ፤ ከውጭ ስታዩት ያው ኤኤ ነው። የድሮውንና የአሁኑን በአንድ ሣጥን አትቀላቅሉ። የአሁኑም ጥሩ ቀለሃ ነው፤ ወለሉን ግን በየጊዜው መፈተሽ ይጠይቃል።

ፌደራል የተባለው ጥይት ሠሪ ፋብሪካው ያለው እዚሁ ሚኒሶታ፣ አኖካ ውስጥ ስለሆነ ለእሱ ልቤ ያደላል። ዛሬም ድረስ የወረቀት ቀለሃ ይሠራል። የተኮሰው ሰው የሰሙን ሽታ አይረሳውም፤ ትከሻ ላይም ለስለስ ይላል የሚሉ ብዙ ናቸው። ለመሙላት ግን ዕድሜው አጭር ነው። ከወለሉ ከፍ ብሎ ያለው ወረቀት በእሳቱ እየሳሳ ሄዶ መርፌ የሚያህል ቀዳዳ ያወጣል። ዝናብ የነካውማ ያብጣል። የአውሮፓዎቹ ቼዲትና ፊዮኪ ደግሞ በየሜዳው ሞልተዋል፤ ቱቧቸው ቀጥ ያለ፣ ሆዳቸው ሰፊ ነው። ፕራይመራቸው ከአሜሪካኖቹ በጥቂቱ ስለሚወፍር፣ አንዴ የእነሱ ፕራይመር የገባበት ጉድጓድ የአሜሪካውን ላላ አድርጎ ይይዛል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይዝም።

አፉም ይታያል። የጥይቱ አፍ የሚዘጋው በእጥፋት ነው፤ የዒላማ ጥይት ብዙውን ጊዜ ስምንት እጥፋት አለው፣ የአደን ጥይት ደግሞ ብዙ ጊዜ ስድስት። ስድስት ሆኖ የታጠፈን በስምንት ለማጠፍ ብትሞክሩ ፕላስቲኩ የድሮ መስመሩን ይፈልጋል፤ አፉ ተጨማዶ እርሳስ ያፈሳል።

እንግዲህ ቀለሃ መቼ ይጣላል? አንድ ወጥ የሆነው ብዙ ጊዜ ይሞላል፤ ቁጥሩን ግን ከሰው አፍ አትቀበሉ። ቀለሃው ራሱ ይናገራል። አፉን በሁለት ጣት ቆንጥጡት፤ እንደ አዲሱ የሚገፋችሁ ከሆነ ሕይወት አለው፣ ልፍስፍስ ካለ አልቆለታል። የእጥፋቱ ጫፍ ተበጥሶ ከሆነ፣ ጎኑ ከተሰነጠቀ፣ ፕላስቲኩ ከናሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀዳዳ ካለው፣ በፕራይመሩ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ከታየ፣ ወይም አዲስ ፕራይመር በአውራ ጣት ግፊት ብቻ ከገባ መጣል ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የላላ ወለል ነው። ለብቻው የተሠራው ወለል ተነቅሎ ከእርሳሱ ጋር ከሄደ አፈሙዙ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት እዚያ ሲደርስ ብረቱን ይቀደዋል። ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ ወለሉን ዙሪያውን ተጫኑት፤ ከተነቃነቀ ቀለሃው የቅርጫት ነው። ድምፁ ከወትሮው የተለየ ተኩስ ከሰማችሁም ቁሙ፤ ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ አፈሙዙን በብርሃን ካላያችሁ ሌላ ጥይት አታጉርሱ።

ከመሬት የሚለቀም ቀለሃ ሌላም ጣጣ አለው። ስንት ጊዜ እንደተሞላ፣ ማን እንደሞላው አይታወቅም። ውስጡ ጠጠር፣ ጭቃ ወይም ተሰክቶ የገባ ትንሽ ቀለሃ ሊኖር ይችላል። ከ12 ጌጅ የሚቀጥነው የ20 ጌጅ ጥይት አሜሪካ ውስጥ ቢጫ የሆነውም በምክንያት ነው፤ 12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጥ ከገባ ተንሸራቶ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ኋላው ደግሞ ክፍት ስለሚመስል ሰው 12 ጌጁን ይጨምርበታል። የሁለቱን ቀለሃ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አትደርድሩ። በብዙ ክለብ ደግሞ መሬት የወደቀው የክለቡ ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የራሳችሁንም ቢሆን ዙሩ ሳያልቅ ጎንበስ ብላችሁ አትልቀሙ፤ አጠገባችሁ ያለውን ተኳሽ ትረብሻላችሁ።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ የምታስቡ ካላችሁ፣ በተራው የ12 ጌጅ የዒላማ ጥይት ላይ ትርፉ ስስ ነው፤ ባሩድና ፕራይመር ሲወደድ ጭራሽ ይጠፋል። መሙላት በደንብ የሚያዋጣው በ28 ጌጅና በ.410 ነው፤ የእነዚህ የፋብሪካ ጥይት ውድ ነው። እኔ 12 ጌጅ የምሞላው ትከሻዬን የማይጎዳ፣ 28 ግራም እርሳስ ብቻ የያዘ ጥይት በራሴ ልክ ማዘጋጀት ስለምወድ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ግልጽ ነው። አንድ ዓይነት ቀለሃ ምረጡ፤ የእኔ ምርጫ ኤስቲኤስ ነው፣ አቅም ካነሰ ጋን ክለብ። አዲሱን በፓኬት ገዝታችሁ ራሳችሁ ተኩሱት፤ ያን ጊዜ ታሪኩን ከመጀመሪያው ታውቁታላችሁ። የተሞላበትን ዙር ሣጥኑ ላይ ጻፉ። ሌላውን ዓይነት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሚፈልገው ስጡት። ማሽኑን ከመግዛታችሁም በፊት የምጣኔ መጽሐፉን ግዙና የመረጣችሁት ቀለሃ በስሙ እዚያ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።