የላፕቶፕ መቆለፊያ አመራረጥ

ብዙ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የየግል ሥራቸውን የሚያከናውኑባቸው የጋራ የሥራ ቦታዎች በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ከታወቁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ለምሳሌ ያህል በናይሮቢ «አይሃብ» በ2010 እ.ኤ.አ.፣ በአዲስ አበባም «አይስአዲስ» በ2011 እ.ኤ.አ. ተቋቁመዋል። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም በጠባዩ ከእነዚህ የራቀ አይደለም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ገቢና ወጪው ብዙ ነው፤ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ላፕቶፕ ደግሞ ታጥፎ በብብት የሚያዝ ቀላል ዕቃ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ቡና ሊያመጣ ብድግ ባለበት ቅጽበት ሊሰወር ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚያው ላይ ብቻ ያኖረ ተማሪ የዓመት ድካሙን አብሮ ያጣል።

ለዚህ መከላከያ የሚሆነው መቆለፊያ ከቀጫጭን የብረት ክሮች ተገምዶ በፕላስቲክ የተሸፈነ ገመድ ነው። በአንደኛው ጫፉ ቀለበት፣ በሌላው ጫፉ የቁልፍ ራስ አለው። ገመዱ በአንድ በማይነቃነቅ ነገር ላይ ዞሮ በገዛ ቀለበቱ ውስጥ ካለፈ በኋላ፣ የቁልፉ ራስ በላፕቶፑ ጎን ካለው ትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ይቆለፋል።

ገዢው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ይህንኑ ቀዳዳ ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የተለመደው ኬንሲንግተን የሚባለው ሲሆን ቁመቱ 7፣ ወርዱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በስስ ላፕቶፖች ላይ ከዚህ ያነሰው ናኖ ይገኛል፤ የአንደኛው ቁልፍ ለሌላው አይሆንም። እንደ ማክቡክ ያሉት ደግሞ ጨርሶ ቀዳዳ ስለሌላቸው ለብቻው የሚሸጥ ማያያዣ ይፈልጋሉ።

የቁልፉ ራስ በመክፈቻ ወይም በቁጥር የሚሠራ ይሆናል። ሦስት አኃዝ ያለው 1,000፣ አራት አኃዝ ያለው 10,000 ልዩ ልዩ ቁጥሮችን ይቀበላል። አንድ ሰው በየሰከንዱ አንድ ቁጥር ቢሞክር የመጀመሪያውን በ17 ደቂቃ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ግን ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ደክሞ ይጨርሳል። ዳሩ ግን ብዙ ሰዎች ሲነሡ የመጨረሻዋን አኃዝ ብቻ አንድ ጊዜ ገፋ አድርገው ይሄዳሉ፤ ይህ መቆለፍ አይባልም። በመክፈቻ የሚሠራውም ቢሆን እንከን አያጣውም። በ2004 እ.ኤ.አ. ክብ ቱቦ በሚመስል መክፈቻ የሚሠራ የታወቀ የብስክሌት ቁልፍ በተራ የእስክሪብቶ ቀፎ ሲከፈት በፊልም ታየ፤ ፋብሪካውም ቁልፎቹን በነጻ ለመለወጥ ተገደደ። የላፕቶፕ ገመዶችም በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የዚያው ዓይነት ቁልፍ ነበራቸው። ስለዚህ ርካሽ ሆኖ የቀረበ ባለቱቦ ቁልፍ ሲገኝ መጠራጠር ይገባል።

የገመዱ ውፍረት ገዢውን ይማርከዋል እንጂ ወሳኙ ነገር እርሱ አይደለም። ተገቢው የብረት መቁረጫ ያለው ሌባ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ይቆርጣል። መቆለፊያው የሚያግደው መሣሪያ ያልያዘውን፣ አንሥቶ ለመሄድ ምቹ ጊዜ የሚጠብቀውን ሰው ነው። ይኸውም ሥራው ጊዜ ማራዘምና ዓይን መሳብ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው ገመዱ የሚታሰርበት ነገር ነው። በጠረጴዛ እግር ላይ የተጠመጠመ ገመድ ጠንካራ ይመስላል፤ ሆኖም ጠረጴዛው በአንድ እጅ ብድግ ሲል ገመዱ ከሥር ሾልኮ ይወጣል። ወንበር ላይ ማሰርማ ለሌባው ወንበሩን መመረቅ ነው። የሚሻለው በእግሮቹ መካከል በአግድም የተበየደ ብረት ወይም በጠረጴዛው ገበታ ውስጥ የተበሳ ቀዳዳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በማይገኝበት አዳራሽ ውድ ገመድ የገዛው ሰውም ርካሽ ከገዛው አይሻልም፤ እንግዲህ ገበያ ከመውጣት በፊት ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር መመልከት ያስፈልጋል።

ሌባው ገመዱን በኃይል ቢጎትተው የላፕቶፑ ጎን ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ ሆኖም ጎኑ የተቦደሰ ላፕቶፕ ገበያ ሲቀርብ ዋጋው ይወርዳል፤ ገዢውም ከየት እንደ መጣ መጠየቁ አይቀርም።